አማርኛውና ዐረብኛው ብቻ ለምን ተበላሹ? የአንድ ድሬዳዋ ክሊኒክ ድረ ገጽና የተከተለው ክርክር

በድሬዳዋና በሐረር በኮምፒውተር ሥራ የምንተዳደር ሰዎች በምንጻጻፍበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ ምላሽ ተከተለው። መሐል ላይ ክርክሩ ስለ ጦፈ አያሌ ሰዎች ሳይጨርሱት ወጥተዋል፤ መፍትሔው ያለው ግን ከዚያ በኋላ ባለው ክፍል ነው። ስለዚህ የተባለውን ከላይ እስከ ታች አስቀምጣለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ላይም የራሴን እጨምራለሁ።

ጥያቄውን ያቀረበው ከዚራ አካባቢ ለንግድ ቤቶች ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ነው። ለአንድ የግል ክሊኒክ የሠራው ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በዐረብኛ የተዘጋጀ ነው፤ ለድሬዳዋ ሕዝብ ከዚህ ያነሰ አይበቃም። ክሊኒኩ ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹን የሚያስቀምጥለትን ድርጅት፣ በቀየረ ማግስት አማርኛውና ዐረብኛው ምልክት የተቀጠለባቸው የላቲን ፊደላት ትርምስ ሆኑ። አፋን ኦሮሞውና ሶማልኛው ግን እንደ ወትሮው ይነበባሉ። የሆስቲንግ ድርጅቱ ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ምንም እንዳልሆነ፣ ችግሩ የሰዎቹ ስልክ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው እንደሆነ ነግሮታል። እሱም ይህን አምኖ፣ በርካሽ ስልኮች ላይ የአማርኛ ፎንት (የፊደላቱን ቅርጽ የያዘ ፋይል) እንዴት እንደሚጫን ነበር የጠየቀን። የሕፃናት ክትባት የሚሰጥባቸው ቀናትና የሌሊት ተረኛ ስልክ ቁጥር የተጻፈው በዚሁ በተበላሸው ገጽ ላይ ስለሆነ ነገሩ ቀን የሚሰጥ አልነበረም።

1ኛው ምላሽ ሰላምታ የሞላበት ነው። ጸሐፊው ወጣቱን ወንድሜ ብሎ ካመሰገነ በኋላ፣ ፎንቱን እያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ ከመጫን ይልቅ ከገጹ ጋር አብሮ መላክ እንደሚሻል መከረው፤ አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንትም ጠቆመው። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ አለፈ።

3ኛውን የጻፉት ኮምፒውተር የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው፤ ክሩን (የምላሾቹን ሰንሰለት) ከተሳሳተ መንገድ የመለሱትም እሳቸው ናቸው። ፎንት ሲጠፋ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው፤ ሌላ ፊደል አይታይም። የላቲን ፊደል ትርምስ የሚታየው ጽሑፉ በትክክል ደርሶ ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ መክፈቻው ፕሮግራም) ቁጥርን ከፊደል ጋር በሚያዛምድ የተሳሳተ ሰንጠረዥ ሲያነበው ነው። ግዕዝ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር ወደሚሰጠው ደንብ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም መሆኑን፣ ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መምጣቱን አስታውሰው፣ ዛሬ ስልክን መውቀስ ተገቢ እንዳልሆነ አስረዱ። እኔም በዚህ ጉዳይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። የሰርቨሩን ጥፋት በተጠቃሚው ስልክ ማላከክ ነውር ነው፤ ገንዘብ አጥሮት ርካሽ ስልክ የገዛ ሰው ጥፋተኛ ተደርጎ እንዲሄድ ያደርጋል።

4ኛው የስክሪኑን ምስል ጠየቀ፤ ወጣቱ በ5ኛው ላከ። በምስሉ ላይ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በሦስት ባዕድ ምልክቶች ተተክቷል፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ሁልጊዜ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን ኤ ነው።

መምህርቷ በ6ኛው ተመልሰው ይህን ምልክት ፈቱት። ዩኒኮድን በባይት ማለትም ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች በሚያስቀምጠው በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128 ነው። በዋናው የግዕዝ ክፍል ውስጥ ያሉት ፊደላት በሙሉ የሚጀምሩት በ225 ነው፤ በምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ደግሞ 225 ማለት ያ ጭረት ያለበት ኤ ነው። ሰላም የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ዘጠኝ ባይት ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከመረጃው የጎደለ ነገር የለም፤ አንባቢው በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሚያነብ የተሳሳተ ነገር ተነግሮታል። አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ በላቲን ስለሚጻፉ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ ያ ባይት በሁለቱም ሰንጠረዦች አንድ ዓይነት ነው። የሆስቲንጉ ባለሙያ የገጹን ግማሽ ደህና ሆኖ አይቶ ሰርቨሩ ላይ ችግር የለም ያለው ለዚህ ነው።

በ7ኛው ከሐረር የጻፈ ሰው መምህርቷን በትሕትና አረማቸው። አፋን ኦሮሞውም ሙሉ በሙሉ አላመለጠም፤ ሁዳ የሚባለው፣ በፊደላት መሐል ከፍ ብሎ የሚጻፈው ትንሽ ጭረት፣ ወርድ ከተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ተገልብጦ ሲለጠፍ ቀጥ ያለው ሳይሆን ጎበጥ ያለው ስለሚሆን እሱም ሦስት ባይት ነው፤ እሱም ይበላሻል። ወጣቱ ሄዶ ሲያየው እንደተባለው ሆኖ አገኘው፤ ዛሬ የሚለው የኦሮምኛ ቃል መሐሉ ላይ ሦስት ምልክት ተሰክቶበት ነበር። መምህርቷም አመሰገኑት። በዚህ ክር ውስጥ በጣም የወደድኩት ማረሚያ ይህ ነው። ከተማችን አራት ቋንቋ በአንድ ገጽ የምትጽፍ ስለሆነች እንዲህ ያለ ነገር ሊታየን የሚገባው እኛን ነበር።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት አንድ ነገር ላይ ዞሩ። አንደኛው በገጹ አናት ላይ ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ገጹ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደተጻፈ፣ የሚናገረው የሜታ መስመር ተረስቷል ብሎ ደመደመ። ወጣቱ አልተረሳም፤ ገና ከሁለተኛው መስመር ላይ አለ አለ። ሌላው መስመሩ በመጀመሪያዎቹ 1,024 ባይቶች ውስጥ መገኘት እንዳለበት አሳሰበ፤ እርግጥም በዚያ ውስጥ ነበር።

11ኛው ምላሽ የባቡር ጡረተኛ የሆኑ አዛውንት ነው፤ ልጃቸው ይህን ሙያ ስለሚሠራ መድረኩን እንደሚከታተሉ ነግረውናል። ፉርጎ ጣቢያ ሲደርስ አራጋፊዎች በሩን ከፍተው ውስጡን አይመረምሩም፤ ቀድሞ በደረሰው የጭነት ወረቀት ላይ የተጻፈውን አይተው መጋዘን ይመርጣሉ። ወረቀቱ ጨው ነው ካለ ከረጢቱ ላይ ቡና ተብሎ ቢጻፍም ወደ ጨው መጋዘን ይገባል። ስለዚህ ከገጹ በፊት ሌላ ወረቀት ይላክ እንደሆነ ጠየቁ። በጥያቄ መልክ ያቅርቡት እንጂ መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር፤ በጊዜው ማንም አላስተዋለውም።

ምክንያቱም ወዲያው ሰው ሁሉ ስለ ባቡር ማውራት ጀመረ። 12ኛው የድሮው ጣቢያ በፈረንሳይኛ ይሠራ እንደነበር አነሣ፤ 13ኛው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ እንደተቆረቆረች፤ 14ኛው አዲሱ ጣቢያ ከከተማ መራቁ ለባጃጅ ነጂዎች እንጂ ለተጓዥ እንዳልተመቸ። 15ኛው ደግሞ የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ አንሥቶ የብዙዎችን ሐዘን ቀሰቀሰ። የመድረኩ አስተባባሪ በ16ኛው ይህ ወግ የራሱ ክር ይከፈትለት ብሎ ወደ ክሊኒኩ መለሰን።

17ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሰርቨር በማስተዳደር ብዙ የሠራ አንድ ባለሙያ መጥቶ፣ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ትእዛዝ ለመጻፍ እንደሰነፈ ቆጥሮ ገሠጸ። ከርል በተባለው መሣሪያ ገጹን ሳያወርድ ሄደሩን ብቻ፣ ማለትም እንደ አዛውንቱ የጭነት ወረቀት ከገጹ ቀድሞ የሚላከውን መግለጫ፣ ጠይቆ ያገኘውን አስቀመጠ። ኮንቴንት ታይፕ (የይዘት ዓይነት) በሚለው መስመር ላይ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል ከሚለው ቀጥሎ ካርሴት (የፊደል ሰንጠረዥ) አይኤስኦ-8859-1 ተብሎ ተጽፏል። አዲሱ ሰርቨር የሚሠራበት ፕሮግራም አፓቺ ነው፤ አድ-ዲፎልት-ካርሴት የሚለው ቅንብር ኦን ተደርጎ ተትቷል፤ ኦን ሲሆን ደግሞ በራሱ የሚልከው ይህንኑ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው። ሄደሩ አንድ ነገር፣ በገጹ ውስጥ ያለው ሜታ ሌላ ነገር ሲናገሩ ብሮውዘሩ የሚሰማው ሄደሩን ነው። መፍትሔውም ኤችቲአክሰስ በተባለው ፋይል ውስጥ ቅንብሩን ወደ ዩቲኤፍ-8 የሚለውጥ አንድ መስመር ነው። እስከዚህ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወጣቱን አንተ እያለ፣ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ሄደር ማየት ሳይችል እንዴት ድረ ገጽ እሠራለሁ እንዳለ ጠየቀው።

18ኛው የመጣው ከአንዲት ሴት ነው፤ እሷም አልማረችውም። ዕውቀቱን እንደምታከብር፣ ነገር ግን ወጣቱ የከፈለበት የሆስቲንግ ድርጅት ራሱ ያላየውን ነገር በልጁ ጫንቃ ላይ መጣል ግፍ እንደሆነ፣ አዛውንቱም በ11ኛው ይህንኑ ጠቁመው ማንም እንዳልሰማቸው ጻፈች። 19ኛው ባለሙያውን ደገፈ፤ 20ኛው እሷን። ባለሙያው በ21ኛው ስለ አነጋገሩ አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ወጣቱን ግን አልጠየቀም።

22ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህ ቅንብር ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ነገ ሌላ ሰርቨር ላይ ይደገማል ብዬ ስለማምን ታሪኩን አስቀመጥኩ። የይዘት ዓይነትን በስም መግለጽ የተጀመረው ለኢሜይል ነው፤ ቦረንስታይንና ፍሪድ ማይም የተባለውን ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1992 ነው። ድሩም (ዌቡም) ይህንኑ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ብሮውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት የኤችቲቲፒ 1.1 ደንብ፣ የቴክስት ዓይነት ሆኖ ካርሴቱ ያልተነገረ ነገር ሁሉ አይኤስኦ-8859-1 ተደርጎ እንዲቆጠር ይል ነበር። ያ አንቀጽ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። አማርኛ የሚጽፍ ሰው ዝም ያለ ሰርቨርን እንዳያምን ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ይህ ነው፤ ዝምታው ለረጅም ጊዜ የተተረጎመው ለሌላው ዓለም ፊደል ነበር። ስለዚህ ዓይነቱም ካርሴቱም በሄደሩ ውስጥ በግልጽ ይነገሩ፤ ሜታውም ለድጋፍ ይቀመጥ፤ ሰው ገጹን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ሲከፍተው ሄደር ስለማይኖር ያን ጊዜ የሚያድነው እሱ ነው። በ23ኛው አንድ አንባቢ አንድ ነገር ጨመረልኝ። የዛሬ ብሮውዘሮች አይኤስኦ-8859-1 ሲባሉ በተግባር የሚያነቡት ከእሱ ጋር በሚቀራረበው በዊንዶውስ-1252 ሰንጠረዥ ነው። ልክ ነው፤ ይህ ልዩነት ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፈለን ሆኖ ተገኝቷል።

24ኛውና 25ኛው ሰርቨሩን ሳይነኩ ማምለጫ መንገድ ያቀረቡ ናቸው። 24ኛው እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር መጻፍ ነው ያለው፤ ሀ በ4608 ይጻፋል፤ ምልክቶቹ ተራ የላቲን ምልክቶች ስለሆኑ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይበላሹም። ይሠራል፤ አልክድም። ነገር ግን ሦስት ባይት የነበረው ፊደል ሰባት ባይት ይሆናል፤ በሜጋባይት ለሚከፍል ሰው ይህ ቀላል አይደለም፤ ገጹን ነገ ከፍቶ የሚያርም ሰውም አንድ ቃል ማንበብ አይችልም። 25ኛው ግን አስቆጣኝ። አማርኛውን ፎቶ አድርጎ መለጠፍ አለ። በፎቶ የተለጠፈ የክትባት ቀን በፍለጋ አይገኝም፤ ተገልብጦ ለጎረቤት አይላክም፤ በስልኩ የድምፅ አንባቢ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር ጭራሽ የለም ማለት ነው። በአገራችን ስንቱ ማስታወቂያ በዚህ ዓይነት ተቀብሮ እንደቀረ የምናውቅ ሰዎች ይህን ምክር ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም።

26ኛው የድሮ ባለሙያ ነው፤ ጉዳዩን ወደ ሌላ ጫፍ ወሰደው። ገጹ ኤክስኤምኤል በተባለው ጥብቅ ደንብ በሚጻፈው የድረ ገጽ ዓይነት፣ በኤክስኤችቲኤምኤል፣ ተሠርቶ፣ በአፕሊኬሽን/ኤክስኤችቲኤምኤል+ኤክስኤምኤል ዓይነት ቢላክ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር ብሎ ተከራከረ። ነጥቡ ባዶ አይደለም። ያ የአፓቺ ቅንብር የሚነካው ተራ ጽሑፍንና (ቴክስት/ፕሌን) ቴክስት/ኤችቲኤምኤልን ብቻ ነው፤ ኤክስኤምኤል ደግሞ ሌላ ካልተነገረው ዩቲኤፍ-8 ብሎ ይጀምራል። ኤክስኤችቲኤምኤል 1.0 እ.ኤ.አ. በጥር 2000 ሲወጣ እኛም ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ የምንሄድ መስሎን ነበር። 27ኛው ግን ጠንከር ያለ መልስ ሰጠው። በዚያ ዓይነት በተላከ ገጽ ውስጥ አንድ ያልተዘጋ መለያ (ታግ) ከተገኘ ብሮውዘሩ በገጹ ፈንታ የስሕተት ማስታወቂያ ያሳያል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም እስከ 8ኛው እትም ድረስ ያንን ዓይነት ስለማያውቀው ገጹን ማሳየት ትቶ እንደ ፋይል አውርዱት ይል ነበር፤ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2011 በ9ኛው እትም ነው። የክሊኒኩን ገጽ የምታድሰው ነርሷ ናት፤ በጥድፊያ አንድ ምልክት ብትረሳ ሌሊት የታመመ ልጅ ይዛ ስልክ ቁጥር የምትፈልግ እናት የስሕተት ጽሑፍ ልታይ ነው? በዚህ ከ27ኛው ጋር ነኝ። ኤክስኤችቲኤምኤሉን ቴክስት/ኤችቲኤምኤል ብሎ መላክ ደግሞ ጥብቅነቱን ስለሚያስቀር የሚገኘው ጥቅም ብዙ አይደለም። 26ኛውና 27ኛው በመካከላቸው እስከ 31ኛው ድረስ ተመላለሱ፤ የተጨመረ ቁም ነገር ስላላገኘሁበት አልፈዋለሁ።

32ኛው የሐረሩ ሰው ነው፣ የ7ኛው ጸሐፊ። ጀጎልን ለሚያስጎበኝ ወዳጁ በሠራው ገጽ የደረሰበትን ተረከ። ሰርቨሩ የሚሠራው እንደ አፓቺ ባለ ሌላ ፕሮግራም፣ በኤንጂን-ኤክስ፣ ነበር፤ አድራሻው እንዲያምር ብሎ የፋይሎቹን ቅጥያ (በስማቸው መጨረሻ ከነጥብ በኋላ ያለውን) አጠፋ። ቱሪስቱ ገጹን ሲነካ ገጹ አይከፈትም፤ ስም የሌለው ፋይል ሆኖ ስልኩ ላይ ይወርዳል። ኤንጂን-ኤክስ የፋይሉን ዓይነት የሚያውቀው በቅጥያው ነው፤ ያላወቀውን ደግሞ ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጣው የቅንብር ፋይል መሠረት አፕሊኬሽን/ኦክቴት-ስትሪም ብሎ ይልከዋል፤ ይህም ምንነቱ ያልታወቀ የባይት ክምር ማለት ነው። ብሮውዘር እንዲህ ሲባል ማውረድ እንጂ ማሳየት አይችልም። ለዚያ ማውጫ መነሻ ዓይነቱን ቴክስት/ኤችቲኤምኤል፣ ካርሴቱን ዩቲኤፍ-8 አድርጎ ነገሩ አበቃ። 33ኛው ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር አነሣ። ኖስኒፍ የተባለው የጥበቃ ሄደር ሲኖር ብሮውዘሩ መገመት ስለሚከለከል፣ ቴክስት/ፕሌን ተብሎ የተላከ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ፋይል) ጭራሽ አይሠራም፤ ገጹም ራቁቱን ይቀራል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲያይ ጥበቃውን ያነሣል፤ መነሣት ያለበት የተሳሳተው ዓይነት ነው።

34ኛው የወጣቱ ነው። መስመሩን ጨምሮ ገጹ እንደተስተካከለ፣ አማርኛውም ዐረብኛውም እንደ ቀድሞው እንደሆኑ አስታወቀ። ለሁሉም አመሰገነ፤ የ17ኛውን ጸሐፊ ጭምር፣ አንቱ ብሎ። ባለሙያውም በ35ኛው ቃሉን አለሰለሰ፤ ለሌላ ጊዜ ገጽ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር መጀመሪያ የትኞቹን ሄደሮች ማየት እንዳለበት ዘርዝሮ ላከለት።

ያልተስተካከለ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ወጣቱ በ36ኛው እንደጻፈው፣ ከክሊኒኩ ሠራተኞች አንዷ ገጹ በተበላሸበት ሰሞን የተበላሸውን ጽሑፍ ከስክሪን ገልብጣ ለማስተካከል ወደ ገጹ መልሳ አስገብታዋለች፤ ያ አንቀጽ አሁንም ትርምስ ነው። መምህርቷ በ37ኛው ምክንያቱን አብራሩ። ሰንጠረዡ የተሳሳተበት ምልክት ራሱ እንደ እውነተኛ ፊደል ተቆጥሮ እንደገና ወደ ዩቲኤፍ-8 ተቀይሯል፤ ሦስት ባይት የነበረው ሀ አሁን ሰባት ሆኗል። ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ ለአንዳንድ ፊደል ግን አይቻልም። ም የሚባለው ፊደል ሦስተኛ ባይቱ 157 ነው፤ በዊንዶውስ-1252 በዚያ ቁጥር ላይ የተመደበ ምልክት የለም። ስለዚህ ሲገለበጥ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋ ደግሞ ም በሁለት ባይት ይቀርና አይነበብም። በአማርኛ ም የሌለበት ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ምክራቸው አጭር ነበር፤ በመጠገን አትድከም፣ ከሆስቲንግ ለውጡ በፊት ከተቀመጠው ቅጂ መልስ። ወጣቱም እንደዚያው አደረገ።

38ኛው ከሳቢያን ሰፈር የጻፈ ተጠቃሚ ነው፤ ባለሙያ አይደለም፤ የክሊኒኩ ታካሚ ነው። ሌሎች ገጹ ተስተካክሏል ሲሉ የእሱ ስልክ አሁንም ትርምሱን ያሳያል። ሁለት ሰዎች ቸኩለው ስልክህ ነው አሉት፤ ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ! የ17ኛው ባለሙያ በ41ኛው አረማቸው፤ በዚህ ጊዜ በትዕግሥት። ስልኩ ገጹን ከነ አሮጌው ሄደር አስቀምጦታል። እንደገና ሲጠይቅ ሰርቨሩ የፋይሉን ቀንና መጠን አይቶ አልተለወጠም የሚለውን የ304 መልስ ይሰጣል፤ በዚያ መልስ ውስጥ ኮንቴንት ታይፕ አይላክም፤ ስለዚህ አሮጌው ካርሴት እንዳለ ይቆያል። የተለወጠው ቅንብሩ እንጂ ፋይሉ አይደለምና ሰርቨሩ አልዋሸም። ታካሚዎቹ ስልካቸውን እንዲያጸዱ መጠየቅም አያስፈልግም፤ የፋይሎቹ ቀን እንዲታደስ እያንዳንዱን ገጽ ከፍቶ እንደገና ማስቀመጥ ይበቃል፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ ገጹን ከአዲሱ ሄደር ጋር ሙሉውን ይልካል።

ወጣቱ አራቱንም ቋንቋዎች እንደዚያ አድርጎ አስቀመጠ። የሳቢያኑ ሰው በ43ኛው ገጹ ተከፍቶለት የተረኛውን ቁጥር እንዳገኘ ጻፈ። 44ኛው የክሊኒኩን የዋጋ ዝርዝር ፒዲኤፍ በስልክ ላይ ከማውረድ ይልቅ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ አስተባባሪውም ለእሱ አዲስ ክር ከፍቶ ይህንን ዘጋው።